ልክ

ኑረምበርግ። ኅዳር ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ጭጋጉ መስኮቴን ሲጋርደው ከሰማይ፣
መብራቴን አብርቼ፣ ምላጬን ስዬ
ተቀመጥኩ፣ ካርቶኔን ጉልበቴ ላይ ጥዬ።

ሠላሳ አራት ዓመት ካርቶን ፋብሪካ ውስጥ
የጫማ፣ የሳሙና፣ የብስኩት ሳጥን ስቆርጥ
አንድም ቀን አንዱንም ልብ ብዬ አላየሁ፤
ዛሬ ለአንዲት ሳጥን ስንት ሌሊት ቆየሁ!

ባቡሯ የሉድገር፣ የታላቅ ወንድሜ፣
ጥቁር ቆርቆሮ ናት፣ ትበልጠኛለች በዕድሜ።
አምና ሲሞት በኑዛዜ ለኔ ደረሰች፤
በጋዜጣ ተጠቅልላ፣ በፌስታል መጣች።
ቁልፏን ሲያዞሩላት ታጉረመርምና
ግማሽ ዙር ሄዳ ትቆማለች፣ ደክሟት ነውና።

ሳጥኗ ግን የለም። በዚያ በብርድ ዓመት
እናቴ ቀድዳ ማገደችው፤ እኛ ሞቅንበት።
አረንጓዴ ነበር፣ ቀለሙ ሲቃጠል።
ሉድገር አላለቀሰም። እኔ ነኝ ያለቀስኩ፣
ቀዩ ክዳን ሲነድ እጄን እያሞቅኩ።

ገበያው እንደሆን ተገልብጧል ዛሬ፤
ገለባው ተወደደ፣ ረከሰ ፍሬ።
ሳጥን ያላት ባቡር የሦስት ባቡር ዋጋ፤
ሳጥን ያጣችው ግን እርቃኗን ስታነጋ።

ፉርት ከተማ ያሉ ወይዘሮ ኤርድሙተ
ሳጥኑ አላቸው፤ ባቡሩ ግን ሸፈተ።
ያለፈው እሑድ ሄድኩ፣ ማስመሪያ ይዤ፣ ደብተር፤
አዝራርና መርፌ አጉረውበት ነበር።
በጠረጴዛው ላይ አዝራሩን ዘርግፈው
«መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ» አሉኝ፣ ቆጣ ብለው።

ታጠብኩ። ለካሁ። ወርድ፣ ቁመት፣ ጥልቀት።
ክዳኑ ከታችኛው በአንድ ወረቀት ውፍረት
ሰፋ ይላል እንጂ አይበልጥም ከዚያ፤
ያቺ ቀጭን ክፍተት ናት የሙያው መለያ።

ውስጡን ገልጬ ሳይ፣ ከወለሉ ጥግ ላይ
አራት የዝገት ክብ፣ አራት ደብዛዛ ፀሐይ፤
መንኮራኩር ቆሞ ሲኖር የጻፈው ነው።
ሴትዮዋ በጣታቸው አንዱን ዳሰስ አድርገው
«የኮንራዲን» አሉ።
ሌላ አልጨመሩም።
እኔም አልጠየቅሁ።

እና ይኸው ሌሊቱን፣ ካርቶኑን አስምሬ፣
ጥግ ከጥግ አጋጥሜ በጨርቅ አሳስሬ፣
እጥፉን በአጥንት ስለት ዳምጬ፣ ዳምጬ፣
ትርፉን ጠርዝ በምላጭ በቀስታ ቆርጬ፣
በልብስ መቆንጠጫ ነክሼ አስተኛሁት፤
ቀዩን ወረቀት ደግሞ ሦስት ጊዜ ነው ያበላሸሁት።
አንዱ ሲደርቅ ጊዜ ብርቱካን ሆነ፣
አንዱ የሥጋ ቤት ቀይ፣ አንዱ ተሸበሸበ፤ አራተኛው ዳነ።

ደላላው ሂልማር ትናንት ደወለ፦
«ሻይ ቀባው፣ እሸው፣ ያርጅ» እያለ፣
«ከክዳኑ ውስጥም ስምህን አትጻፍ፤
ገዥው በአራት እጥፍ ሞልቶልሃል ደጃፍ።»

እኔ ግን ጽፌያለሁ፣ በእርሳስ፣ በደቃቁ፦
«ቅጂ ነው። ኦትማር ሠራው። ገዥዎች ይወቁ።»
ሻዩንም ጠጣሁት፣ ሳይቀዘቅዝ ገና።

አልዋሽም፣ አንድ ነገር ግን አስቤ ነበር፤
ብሩሽ አንሥቼ፣ ቡናማ ቀለም ስበጠብጥ፣ ውሃ ስጨምር፣
አራቱን ክብ ልድገም፣ ልክ እንደነበሩ፤
ተውኩት። የኔ አይደሉም። ለኮንራዲን ይኑሩ።
ልክ መውሰድ አይከብድም፣ ማስመሪያ ላለው ሰው፤
ልክ መሆን ነው እንጂ ሌሊት የሚያስፈጀው።

ሲነጋ ባቡሯን አስገባሁ፣ ክዳኑን ለቀቅሁት፤
አልወደቀም። ቀስ፣ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት።
አየሩን በጠርዙ እፍ እያለ አስወጣ፣
ወንበር እንዳገኘ ሽማግሌ፣ ከሩቅ እንደ መጣ።

ከቀትር በኋላ ፉርት እሄዳለሁ፣
በትልቁ ባቡር። የሴትዮዋን ሳጥን በጨርቅ ጠቅልያለሁ፤
አዝራሮቹ ቤት የላቸውም እስኪመለስ ድረስ።
እጄንም ታጥቤያለሁ።